እንሽላሊት ለማንሳት እስከ መቱ

ወደ ኢሉባቦር የሄድሁት ለሽርሽር አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አየር ልትቀይር ወጣች ተብሎ እንዳይወራ አስቀድሜ መጻፉ ይሻለኛል። የሄድሁት አንዲት እንሽላሊት ፎቶግራፍ ለማንሳት ነው። ይህን ለአውቶቡስ ጎረቤቶቼ አልነገርሁም። ለእናንተ የምነግረው መንገዱን የመሄድ ሐሳብ እንደሌላችሁ ስለማውቅ ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሪቱሽ ነበር፤ ይኸውም ነጌቲቩን ወደ ብርሃን አቅርቦ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በቀጠነ እርሳስ የሰውን ፈንጣጣ መድፈን፣ የግንባሩን መስመር ማለስለስ ነው። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ባለሥልጣን ከእኔ እጅ ለስልሶ ወጥቷል! ከሥዕሉ ሥር የሚታተመው ስም ግን የባለ ፎቶ ቤቱ ነበር።

አንድ እሑድ ጉለሌ ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች እንሽላሊት አነሳሁ። ካሜራው የቀድሞው አርመናዊ ጌታዬ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ የሄደው ነው፤ የሚዘረጋ የቆዳ አንገት አለው፤ አንገቱን እስከ መጨረሻው ከዘረጉት ትንሽ ነገር በመስታወቱ ላይ በራሷ ልክ ትወጣለች። ባለ ፎቶ ቤቱ ሥዕሉን መስኮቱ ላይ ሰቀለው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ጀመር።

ለተማሪዎች የእንስሳት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ አንድ መምህር አይቶት ገባና «ማነው ያነሳው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ባለ ፎቶ ቤቱ።

«ይህን ያህል እንዴት ቀረቡት?»

ባለ ፎቶ ቤቱ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስለ ቆዳው አንገት፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ አቆጣጠሩ አስረዳሁ። ያን ጊዜ ባለ ፎቶ ቤቱ ሳቀና «አዎ፣ እሷ ናት። ግን መምህር፣ አይመኑ። ቅርፊቱን በእርሳስ ነው የሳለችው። እጇን የማውቀው እኔ ነኝ» አለ።

መምህሩ ጨዋ ሰው ነው። ደጅ ድረስ ሸኘሁትና እንዲህ አለኝ፦ «የዚህ የከተማችን እንሽላሊት ሥዕል አለኝ። የኢሉባቦር ጫካ ውስጥ የምትኖረውን አንስተው፣ እርሳስ ያልነካው ነጌቲቭ ካመጡልኝ በመጽሐፉ ላይ በስምዎ አወጣዋለሁ። ከዓይኗ እስከ ትከሻዋ ቅርፊቱ ሊቆጠር ይገባል። ነጌቲቩ ሲታጠብ ያየ ምስክርም ይጻፍበት። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ያድርሱልኝ።»

የዚያኑ ዕለት የፎቶ ቤቱን ቁልፍ መለስሁ። እንግዲህ ባዶ እጄን ብመለስ ሥራም ስምም የለኝም፤ «በእርሳስ የምትስለዋ» የሚለው ብቻ ይቀርልኛል።

መቱ ውስጥ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋርሳዬ ደምሴ፣ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የቴሌግራም ሠራተኛ። ለወንድሙ ተዝካር ስላልመጣ ሰባት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። አማራጭ ስላልነበረኝ ቴሌግራም ላክሁ፦ «የእንሽላሊት ቅርፊት ላነሳ ሐሙስ መቱ እገባለሁ። አስካለ።» ፎቶግራፍ የሚለውን ቃል ተውሁት። ለማልወደው ሰው ቃል ማብዛት አልወድም።

ማክሰኞ። ግንቦት ነበር። ጎሕ ሲቀድ ከመርካቶ ተነሣን። ካሜራውንና ስድስት የመስታወት ነጌቲቮች የያዘውን ሣጥን ጭኔ ላይ አደረግሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልሁ።

«ምንድን ነው እትዬ፣ እንዲህ እንደ ሕፃን ያቀፉት?»

«የስፌት መኪና ነው።»

ውሸቴ እስከ ጅማ አብሮኝ ሄደ። ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ የምጣድ አፍ ነው፤ ከኛ ጉለሌ ብርድ ለወጣ ሰው ልብስ ሁሉ ጠላት ይሆንበታል። ጅማ ስንደርስ ግን ለስላሳ ዝናብ ተቀበለን። ያረፍሁበት አልጋ ቤት ባለቤት ገና ውኃ ሳልጠጣ ሁለት የተቀደዱ መጋረጃዎች ተሸክማ መጣች። ረዳቱ ነግሯታል።

«መኪናው ተሰብሯል» አልኋት።

«ታዲያ የተሰበረ መኪና አቅፈው የት ይሄዳሉ?»

መርፌና ክር አምጭልኝ ብዬ ሁለቱንም መጋረጃ በእጄ ሰፋሁላት። ጠዋት ትኩስ ቂጣና ማር አቀረበችልኝ፤ «እጅዎ ከመኪና ይበልጣል» ብላ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ስለ እጄ እንዲህ ያለ ቃል ፎቶ ቤት ውስጥ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሰማሁም።

ረቡዕ። አጋሮን አልፈን ወደ ደዴሳ ስንወርድ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። እኛ አገር ጭቃ ጫማ ያቆሽሻል፤ እዚያ ግን ጎማ ይውጣል። ወንዶቹ ቅርንጫፍ እየቆረጡ አነጠፉ፤ ሴቶቹ ቁልቁለቱን በእግራችን ወረድን። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ሣጥኔን በአንድ ወገን ያዘችልኝ፤ ምን እንደሆነም አልጠየቀችኝ። ስለዚህ ለእሷ ብቻ እውነቱን ነገርኋት። «እንሽላሊት? ይህችን የምናባርራትን?» ብላ እስክትሰናከል ሳቀች።

ሾፌሩ በበኩሉ «ይህ ምንም አይደል። በክረምት እዚህ ቦታ ላይ ሳምንት የሚያድር መኪና አለ» አለን። የባለቤቴ ተዝካር የወጣው በነሐሴ ነበር። ነገሩ ወደ ሐሳቤ ሲመጣ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርሁ። በደሌ አደርን፤ አንሶላው እርጥብ፣ ባለቤቶቹ ደጎች ናቸው።

ሐሙስ። ከበደሌ በኋላ ያለው ጫካ ለጉለሌ ሰው አዲስ ነገር ነው። የኛ ባሕር ዛፍ ተሰልፎ እንደሚጠብቅ ወታደር ነው፤ አንዱ ካንዱ አይነካካም። እዚያ ግን ዛፉ ሌላ ዛፍ ተሸክሞ ይቆማል፤ በላዩ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቡናው ማንም ሳይተክለው እንደኛ ጓሮ ጌሾ በቅሏል። መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ሄድሁ። በዚህ ሁሉ ቅጠል ውስጥ የአንድ ጣት ርዝመት ያላትን ነገር እንዴት ላገኛት ነው እያልሁ አሰብሁ።

መቱ ስንገባ ደምሴ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ሸብቷል። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ተቀበለኝና በሐዘን ዐይን አየኝ።

«እንኳን ደህና መጡ እትዬ። ምንዎን ነው ያመመዎ?»

«ማንን አመመው?»

«አይደብቁኝ» አለ፤ ከዚያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ መራኝ።

ባለቤቱ ጫልቱ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያፈራረቀች እንደ ፏፏቴ ትናገራለች። አቅፋኝ ስታበቃ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደች። «ማሎ እትዬ፣ እባክዎ አይጨነቁ። ባሉት መሠረት አንስተንልዎታል።»

ክዳኑን ከፈተችው። ዐሥራ አንድ የእንሽላሊት ቆዳ፣ በአመድ ደርቆ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርድሯል።

«ምንድን ነው ያነሳችሁት?» አልሁ።

«ቅርፊቱን ነዋ! ለመድኃኒት ፈልገውት አይደል? ሦስት ቀን ሙሉ ግቢውን፣ የጎረቤቱን አጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ካብ ሳይቀር አሰስን። አሁን በዚህ ሰፈር አንድም እንሽላሊት የለም።»

«እኔ እኮ ፎቶግራፍ ላነሳ ነው!»

ደምሴ ቴሌግራሙን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «‹ቅርፊት ላነሳ› ይላል። ፎቶግራፍ የቱ ጋ አለ? በኛ መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ አይነበብም እትዬ።»

ጫልቱ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጥፋቱ የአንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ያስቀረሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ያን ዕለት አላመንሁም።

ነገር ግን ማጉያ መስታወቴን አውጥቼ አንዱን ቆዳ ወደ መስኮቱ ያዝሁት። ጫልቱም ጎኔ ተቀመጠች። «በመጀመሪያ እንደ ዓሣ በቢላ ልፋቀው ብዬ ነበር፤ እምቢ አለኝ። አንድም አይነሳም። ከቆዳው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ከነቆዳው ገፈፍሁት።» እውነቷን ነው። ቅርፊቱ ተለጥፎ የተቀመጠ አይደለም፤ ያው አንዱ ቆዳ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየታጠፈ፣ አንዱ እጥፋት የሌላውን ግርጌ እየሸፈነ ነው የሚሄደው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ዓሣው አንድ በአንድ የተሰካ ይመስለኝ ነበር። ዝም ብዬ ብዙ ጊዜ አየሁት። ለምን ዝም እንዳልሁ በስፍራው እጽፋለሁ።

ዓርብ። ሰፈሩ እንሽላሊት ስለሌለው ደምሴ ፈቃድ ወስዶ፣ በቅሎ ተውሶ ወደ ሶር ፏፏቴ ወሰደኝ። ፏፏቴውን የሚያደንቁ ሌሎች ይጻፉት፤ ውኃው ይወድቃል፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ለእኔ ግን ጠላት ሆነ፤ ርጭቱ የካሜራዬን ዐይን እንደ ጉም ሸፈነው። አንደኛው መስታወት በዚያ ተበላሸ። ሁለተኛዋ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ነበረች፤ ቁጥሬን ሳልጨርስ ተነቃነቀች። ሦስተኛዋን፣ መስታወቱ እንደተከፈተ፣ ደምሴ «እኔ ልያዝልዎ» ብሎ ሊረዳኝ ዘለለ።

«እትዬ፣ ያዝኋት!»

የያዘው ጅራቷን ነው። እሷ ሄዳለች፤ ጅራቷ ብቻውን በመዳፉ ላይ ይወራጫል። ደንግጦ ወረወረው። እኔ ግን አንስቼ እስኪቆም ድረስ አየሁት፤ የተቆረጠው ጫፍ እንደ አበባ ተተልትሏል፤ ደም የለውም ማለት ይቻላል። «ይበቅልላታል» አልሁት። «ይቅርታዋን ለማግኘት ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለኝ። ስለ እንሽላሊቷ ብቻ የተናገረ መስሎ እንደታየኝ ሆኜ አለፍሁት።

ዝናብ ሲጀምር አቶ ዋቅጅራ የሚባሉ ገበሬ ከፏፏቴው ማዶ ቤታቸው አስገቡን። ዓርብ ስለሆነ ባለቤታቸው ያለቅቤ የተቀቀለ አንጮቴ በጨውና በበርበሬ ሰጡን፤ የእኛ ድንች ከእሱ ጋር ሲወዳደር ውኃ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ስለዚህ ሥር ሲያወራ ያጋንናል እለው ነበር። አቶ ዋቅጅራ የምንፈልገውን ከደምሴ ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። እሳቸው አማርኛ አይናገሩም፤ ደምሴ ነው የሚያስተረጉመው።

«ግቢያቸው ባለው አሮጌ ቀፎ ላይ አንዲት አለች ይላሉ። በየጠዋቱ ንባቸውን ትለቅማለች። ነገ በዱላ ሊሏት ነበር።»

«እስክጨርስ ይታገሱ በላቸው።»

ቅዳሜ። እዚያው አድሬ ከእንቅልፌ የተነሣሁት ቀፎው ላይ ጥላ ሳለ ነው። አቶ ዋቅጅራ «ፀሐይ ሳያገኛት ድንጋይ ናት፤ ሲሞቃት ግን አታገኟትም» ብለውናል። ስለዚህ በድንጋይነቷና በመሄዷ መካከል ያለችውን ትንሽ ጊዜ መያዝ አለብኝ። ካሜራውን ከቀፎው አንድ ስንዝር አቆምሁና አንገቱን ዘረጋሁት። አንገቱ በረዘመ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ እጥፍ ሲረዝም አራት እጥፍ ጊዜ መክፈት ያስፈልጋል። አርመናዊው ጌታዬ ሰዓት አልሰጠኝም፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለሽ ረጋ ብለሽ ጨርሽ ብሎ ነው ያስተማረኝ።

ፀሐይዋ ቀፎውን ስትነካ እንሽላሊቷ ከስንጥቁ ወጣች። ሆዷን በእንጨቱ ላይ ዘርግታ ተኛች። ደምሴ ነጠላዬን በሁለት እጁ ወጥሮ ብርሃኑን በጥላው በኩል መለሰላት። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ መስታወቱ ላይ አየኋት፤ እንደ ወጉ ተዘቅዝቃ። ጆሮዋ ትንሽ ቀዳዳ ናት። የዓይኗ ሽፋን በራሱ ጥቃቅን ቅርፊት አለው። የጀርባዋ ቅርፊት እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቀጭን መስመር ተሠርቶበታል፤ እንደ ታረሰ ማሳ። ባለሥልጣን ሲነሳ የተቀባው ቅባት ሁሉ እንዲህ አያበራም። የሰው ፊት ላይ ስደፍነው የኖርሁት ሸካራነት እዚህ ላይ ጌጥ ነው።

አንዱን መስታወት ዶሮ መጥታ አበላሸችብኝ። በሁለተኛው ጸሎቱን ጨርሼ ዘጋሁ፤ አልተነቃነቀችም። በሦስተኛው ዐይኗን ጨፈነች። ስድስቱም መስታወት አለቀ።

አቶ ዋቅጅራ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ጨርሰዋል ወይ ይላሉ» አለኝ ደምሴ።

እንሽላሊቷን አየኋት። «ገና ነኝ በላቸው። ተመልሼ እመጣለሁ፤ እስክመጣ እንዳይነኳት።»

ደምሴ ባዶውን ሣጥን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቃል ሳያጓድል አስተረጎመ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ዱላውን አስቀመጡ። እስከ ዛሬ ገና ነኝ።

ከሰዓት በኋላ መቱ ተመልሰን ነጌቲቩን ልናጥብ መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ ገባን። ደምሴን ደጅ ቁምና ስወጣ መስክርልኝ ብዬ ብለምነው «ያላየሁትን አልፈርምም» አለ። ስለዚህ አብሮኝ ገባ፤ ጫልቱ ደጁን ዘበኛ ሆና ያዘች። በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ፋኖስ መካከላችን አስቀመጥን። ነጌቲቩ ያለበትን የጫልቱን ሳሕን እያወዛወዝሁ ሳለ፣ ፊቱ በደንብ ስለማይታየኝ ይሆናል፣ ሰባት ዓመት የያዝሁትን ጠየቅሁት።

«ለወንድምህ ተዝካር ለምን አልመጣህም?»

«ደዴሳን አይተው መጥተው የለም?»

«አይቻለሁ። ደብዳቤ ግን ደዴሳን ይሻገራል።»

«እኔ የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነኝ እትዬ፤ እንደሚሻገር አውቃለሁ። በየቀኑ ‹እገሌ ዐረፈ› እያልሁ የሰው መርዶ አስተላልፋለሁ። የራሴን ስጽፍ ግን ቃል አጣሁ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርሁ፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ፈራሁዎት።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላልሁትም። «ሳሕኑን በዚያ በኩል ያዝ» አልሁት። ያዘው።

ከሳሕኑ ውስጥ እንሽላሊቷ ቀስ እያለች ወጣች፤ መጀመሪያ ዓይኗ፣ ከዚያ የቅርፊቱ ረድፍ። ደምሴ እንደ ሕፃን ትንፋሹን ዋጠ። ሲደርቅ ምስክርነቱን ጻፈልኝ፤ እንደ ሥራው አጭር ነው፦ «ሲታጠብ አየሁ። እርሳስ የለም። ደምሴ።»

ሰኞ ተመለስሁ። ጫልቱ ኖፓ ከሚባለው አገር የመጣ አንድ ገንቦ ማር አሸከመችኝ፤ በመንገዱ ለመጻፍ የሚበቃ አዲስ ነገር አላየሁም፤ ደዴሳ ላይ ግን ቆመን ነበር።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። የደምሴን ጽሑፍ አንብቦ ሳቀ። ነጌቲቩን በመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፎ፣ ከእኔ ማጉያ በእጥፍ የሚበልጥ ማጉያ አወጣና ከዓይኗ ጀምሮ በከንፈሩ መቁጠር ጀመረ። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ቆጠረ።

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ላይ እጅ ገብቷል?»

ማጉያውን ሰጠኝ። ትከሻዋ ላይ ሁለት ቅርፊቶች አንድ ሆነው ተጣብቀዋል፤ አንድ ጊዜ ቆስላ የዳነች ይመስላል፤ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ተጣሞ ዞሯቸው ያልፋል። በእኔ ደካማ ማጉያ መቱ ላይ አልታየኝም ነበር። መምህሩ ጨዋ ስለሆነ ዐይኑን ወደ ወለሉ አወረደ። የባለ ፎቶ ቤቱ «በእርሳስ ነው የሳለችው» የሚለው ቃል ክፍሉ ውስጥ ሲቆም ተሰማኝ።

ምስክርነቱ በእጁ ነው፤ ግን የዋርሳ ምስክርነት የዋርሳ ነው። የቀረኝ ለማንም ያልተናገርሁት ነገር ብቻ ነበር። ስናገረው ማንን ደስ እንደሚለውም አውቅ ነበር።

«መምህር፣ እኔ ብስለው ኖሮ እንዲህ አልተወውም። አስተካክለው ነበር። በፎቶ ቤቱ መስኮት ያለውን ሄደው ይመልከቱ። ከትከሻው በታች ሥዕሉ ደብዝዞብኝ ነበር፤ ሦስት ረድፍ የሳልሁት እኔ ነኝ። አሠራሩን ስላላወቅሁ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንድ በአንድ ሰካሁት፤ ሁሉንም እኩል አድርጌ።»

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ዝናብ እየዘነበ ነበር። እኔ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲመለስ ትከሻው ርሷል።

«እኩል ናቸው» አለ።

ነጌቲቩን በገዛ መሐረቡ ጠቀለለና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀት ላይ ጎንበስ አለ።

«አስካለ የሚጻፈው በየትኛው ‹አ› ነው?»